የእንባው ኩሬ

አንድ ማለዳ የሰንዳር አገር የእንባ ኩሬ ደም ለብሶ ተገኘ። በሰንዳር ሕግ ለሟች የተነባ እንባ በዋንጫ ተይዞ እዚያ ይጨመራል፤ ውሃውን ያጎደለ በሞት ይቀጣል። ሹማምንቱ «ሟርት ነው!» ብለው ጮኹ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ቀዩ ነገር የሰው ደም ጠጥተው ውሃው ላይ የሰፈሩ ቢንቢዎች ነበሩ።

ንግሥታቸው ዛሂት ርግብ ታክላለች። ሠራዊቷ አገሩን በትኩሳት ፈጀው። ንጉሡ ጦረኞች ላከባት፤ አንድም አልተመለሰም። ለቢንቢ ጦር! ወይ ጉድ!

የኩሬው ጠባቂ የደባሽ ልጅ አዝመራ ግን እነሱን እያየች ነው ያደገችው። ወንዱ ቢንቢ አበባ ልሶ ይኖራል፤ ደም የምትሻው ሴቷ ናት፣ ያውም ለእንቁላሏ። የምትጥለውም በተኛ ውሃ ላይ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት ትሎች ቁልቁል ተንጠልጥለው በጭራቸው ሲተነፍሱ አዝመራ በዓይኗ አይታለች። ታናሽ ወንድሟ ይርጋ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ጊዜ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ የምናሳድጋቸው እኛው ነን። የኩሬውን ግድብ እናፍርሰው።»

«አብደሻል? ለእናትሽ ያለቀስነው እኮ እዚያ ነው ያለው! እጠብቀዋለሁ ብዬ ምያለሁ!»

«ይርጋንስ? እሱንም እዚያው ልናለቅሰው ነው?»

ደባሽ ተነሥቶ ዶማ አቀበላት።

ላባቸው እንዳይሸት ገላቸውን አመድ ተቀብተው፣ በኩሬው ሌላ ጫፍ ወዳለው ግድብ እስከ ጉልበት በሚውጠው ረግረግ ግማሽ ቀን ተጓዙ። ግድቡ ላይ እንደ ደረሱ ዛሂት ትንፋሻቸውን አሽትታ ከነሠራዊቷ ተነሣች። የአዝመራ እጅ ዶማውን እንደ ጨበጠ በቢንቢ ተሸፈነ።

«ትንፋሽና ላብ ነው የሚጠራቸው ብለሽኝ የለ?» አለ ደባሽ፣ አመዱን ከደረቱ እየጠረገ። «በእናትሽ ነፍስ ይዤሻለሁ፣ ዞረሽ እንዳታዪኝ! ቆፍሪ!»

እየዘለለ፣ እየፎከረ ወደ ማዶ ሮጠ፤ መንጋው ሁሉ ተከተለው። አዝመራ እያለቀሰች ቆፈረች። የአባቷ ፉከራ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ግድቡ ተናደ፤ ውሃውም ሁሉ ፈሰሰ። ትሎቹ ጭቃ ላይ ደረቁ፤ ዛሂትም እንቁላሏን የምትጥልበት አጥታ፣ በሆዷ እንደያዘችው ወድቃ ሞተች።

ይርጋ ዳነ። በትኩሳቱ ታሞ የነበረው የንጉሡም ልጅ ስለዳነ፣ ንጉሡ አዝመራን የሞት ቅጣቱን ማራት። በሦስተኛው ቀን ሹማምንቱ ግድቡን ጠግነው፣ ዋንጫ ይዘው መጡ።

«አባትሽን በወጉ አልቅሺው፤ አዲሱ ኩሬ በእሱ ይጀመር» አሏት።

አዝመራ ዋንጫውን ተቀብላ መሬት ላይ ደፋችው። ከዚያም አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ እንባዋን አፈሩ እንዲጠጣው ትታ አለቀሰች።