ሳህኑን የማይጨርሰው ሰው

ጥሩሐረግ ከዓረብ አገር ተመልሳ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ከከፈተች ወዲህ አንድ ነገር አትወድም፤ ሳይበላ የተመለሰ ሳህን። ተሳፋሪ ተቻኩሎ ቢተወው ግድ የለም፤ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። ተደላድሎ ተቀምጦ ያዘዘውን ቅቅል ሁለቴ ጎርሶ ገፋ የሚያደርግ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ያብሰለስላታል።

ምንዋጋው እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር። ረዥም፣ ጠይም፣ ልብሱ ሁልጊዜ ግራሶ ግራሶ የሚሸት የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ። አበርገሌ ቆላ ወርዶ የተበላሸ ፓምፕ አስነሥቶ ሲመለስ እሷ ዘንድ ጎራ ይላል። ጥግ ያለችውን ወንበር ይይዛል። ያዛል። ምግቡን ያያል፣ ከዚያ እሷን ያያል። ሁለት ጉርሻ፣ ቢበዛ ሦስት፤ ከዚያ ከፍሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ጨው ቀነሰች። ቀጥላ በርበሬውን አበረደችው። የፍየሉን ሥጋ ትታ በግ አደረገች። ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ሳህኑን እንዳለ አንሥታ ፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እጄ አልጥምህ ካለ ንገረኝ። ከተማው ምግብ ቤት አላጣ። ለምን ትመላለሳለህ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ይስቃል፤ ጉንጩ ግን ጎድጉዷል።

«ለምግቡ ብዬ አይደለም የምመላለሰው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ውጭ ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ የሞላ!» እያለ ይጮኻል። እሷ ሳህኑን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረችው።

«አንቺን ለማየት ነው» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቦታ አትረጊም። ከድስት ወደ በር፣ ከበር ወደ ድስት። አንቺን ሳይ ሆዴን እረሳዋለሁ።»

ጆሮዋ ጋለ። ጓዳ ገባች፤ እዚያም ገብታ ምን ልታደርግ እንደገባች ጠፋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩሐረግ የባሰ እረፍት አጣች። ቆላ ሲወርድ ኔትወርክ የለም። መኪና በገባ ቁጥር እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ብቅ ትላለች። ሲመጣ ደግሞ እንዳላየች ትሆናለች። እሱ ቀልድ ያውቃል፣ እሷ መልስ ታውቅበታለች፤ ከሁለቱ አንዳቸው «እወድሻለሁ» ወይም «እወድሃለሁ» ሳይሉ ነገሩ እንዲሁ ሥር ሰደደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከመኪና የወረደው ምንዋጋው ቆሞ መሄድ አልቻለም። ሮጣ ደገፈችው። ክንዱን ስትይዝ እጇ ውስጥ አጥንት ብቻ ሆነባት። ጥግ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ጨጓራ ነው» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ካንሰር። ባሕር ዳር ታክሜ ነበር፤ ኬሞውንም ጨርሻለሁ። አሁን ጉበቴ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው።»

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል፣ ጥሩዬ። አንድ ሰው እንኳ እንደ ጤነኛ እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነው።»

አላለቀሰችም። ተነሥታ እሳቱን አጠፋችው። መልሳ ለኮሰችው። ከዚያ ዶሮ ለመግዛት ወጣች።

እሷ የምታውቀው አንድ መላ ነው፤ የበላ ሰው ይድናል። ጠዋት አጥሚት፣ ረፋድ ላይ እንቁላል፣ ቀትር ላይ የዶሮ ሾርባ፣ ማታ እርጎ። ማንኪያውን ይዛ ፊቱ ትቀመጣለች። «ይቺን ለእኔ ብለህ። ይቺን ደግሞ ለማርያም ብለህ።» ምንዋጋው ይውጣል። በዋጠ ቁጥር ፊቷ ይበራል፤ ፊቷ በበራ ቁጥር ደግሞ ይውጣል። ቢበላም ግን መክሳቱን አልተወም።

አንድ ቀን እሱ ከተከራያት ክፍል ወጥታ የረሳችውን ፔርሙስ ልትወስድ ተመለሰች። ምንዋጋው ከአጥሩ ሥር አጎንብሷል። የጠጣው ሾርባ በሙሉ መሬት ላይ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች።

በእግሩ አፈር ገፋበት።

«ዋሽተኸኛል! ‹ተስማማኝ› ስትለኝ ነበር እኮ!»

«ስበላ ደስ ስለሚልሽ ነው።» አፉን ጠረገ። «የምቀምሰው ሁሉ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ሆዴ በአንድ ማንኪያ ይሞላል። ይህን ስነግርሽ ዓይንሽ ውስጥ የሚሆነውን ማየት አቃተኝ።»

«እኔን ካፈቀርከኝ ትበላለህ!» ብላው ወጣች። መንገድ ላይ የተናገረችው ነገር ቆጠቆጣት፤ ለመመለስ ግን እልኋ አላስኬዳትም።

በዚያው ሰሞን እናቱ ከደሃና መጡ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ባላቸው በልጅነታቸው የሞተባቸው፣ ልጃቸውን ለብቻቸው አሳድገው የመነኮሱ ሴት ናቸው። የገብስ በሶ በቅቤ ለውሰው አገልግል ሙሉ ይዘዋል። ልጃቸውን ሲያዩ አገልግሉን አስቀምጠው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና የሆነ ነገር አሉት። ከዚያ ወደ ጥሩሐረግ ዞሩ።

«ያቺ ባለ ምግብ ቤት አንቺ ነሽ? ምን አብልተሽው ነው እንዲህ የሆነው?»

«እማሆይ፣ እኔ—»

«እኔ ስሰጠው የኖርኩትን ይብላ።»

ከዚያ በኋላ የምንዋጋው ክፍል የሁለት ሴቶች ጦር ሜዳ ሆነ። አንዷ በሶ ስታቀርብ ሌላዋ አጥሚት ታሞቃለች። አንዷ «ትንሽ ቅመስ» ስትል ሌላዋ «የኔንስ?» ትላለች። ምንዋጋው በመካከላቸው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል።

አንድ ማለዳ አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ አብረው ወጡ። መናኸሪያ የለም። ቤተ ክርስቲያን የለም። ጥሩሐረግ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ እማሆይን ትጠብቃለች፣ እንደገና ትሮጣለች። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ማስታገሻ የምትሰጠው ነርስ ሲስተር ምሕረት በር ላይ አገኘቻቸው።

«እዚህ ነበር። የማቅለሽለሹን መርፌ ወግቼው ወደ ታችኛው ቦኖ ወርዷል። ደህና ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ በሉ።»

«ልጄ ጠፍቶ ምን ቁጭ እላለሁ?»

«ከእናንተ ነው የጠፋው፣ እማሆይ።»

ተቀመጡ።

ሲስተር ምሕረት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስላልበላ አይደለም የሚከሳው። በሽታው ነው የሚያከሳው። የሚበላውንም ሰውነቱ እንደ ድሮው አይጠቀምበትም፤ ረሃቡንም ወስዶበታል። በግድ ስታጎርሱት ስቃይ ትጨምሩለታላችሁ። ያማረውን፣ ባማረው ሰዓት፣ በትንሹ ስጡት። ካላማረው ተዉት።»

«በረሃብ ልግደለው?» አሉ እማሆይ።

«ረሃብ አይደለም። ቢርበው ኖሮ ይጠይቅዎት ነበር።»

«ታዲያ እኔ ለምኑ ነኝ?» የእማሆይ ቆብ ተንሸራተተ፤ አላስተካከሉትም። «እናት ካላበላች ምን ትሠራለች?»

ሲስተር ምሕረት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «አጠገቡ ይሁኑለት» አለች።

ጥሩሐረግ ቀድማ ወረደች። ምንዋጋው ራሱ የጠገነው የቦኖ ውሃ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ከበሽታው አይደለም የሸሸሁት» አላት ሳትጠይቀው። «ከማንኪያው ነው። ጠዋት ስነቃ ሕመሙን አልፈራም፤ ቁርሱን ነው የምፈራው።»

እንባዋ አሁን መጣ። «እኔስ እጄን ምን ላድርገው? ቁጭ ስል የምትሞትብኝ ይመስለኛል።»

«ብትቀመጪም እሞታለሁ፣ ብትቆሚም እሞታለሁ። ብትቀመጪ ግን አይሻለሁ።» መዳፉን ዘረጋ። «እጅሽን እዚህ አድርጊው።»

አደረገችው። እማሆይ ከኋላ እያለከለኩ ደርሰው አዩአቸው። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል አልነበረም። የጥሩሐረግ እጅ ወደ ማንኪያው ሲሄድ ትይዘዋለች። ሲያምረው ቀዝቃዛ በለስ ትልጥለታለች፤ አንዳንዴ ግማሹን ይበላል፣ አንዳንዴ አሽትቶ ይመልሳል። በርዝ በስኒ ትሰጠዋለች፤ ከንፈሩን ያርስበታል። እማሆይ እግሩን በሞቀ ውሃ ያጥባሉ፣ በኽምጣና የድሮ ወሬ ያወሩለታል፤ እሱ ይስቃል፣ ጥሩሐረግ ሳይገባት አብራ ትስቃለች። መስከረም ሲወጣ ደህና ቀናት ነበሩት፤ በአንዱ ከበር ወጥተው እስከ ገበያው ሄደው ተመልሰዋል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ነው ድንገት «አግባኝ» ያለችው።

«መበለት ላደርግሽ?»

«ባታገባኝም ያው ነኝ። ብቻ ያኔ ስም አይኖረኝም። የምን ሰውህ ነኝ ብዬ ላልቅስ?»

እማሆይ ሰምተው ተቆጡ። «አትሞኚ፣ ልጄ። እኔ በዚያ መንገድ ሄጃለሁ። አልጋው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አታውቂም።»

«እርስዎ በመሄድዎ ተጸጽተዋል?»

እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ልጃቸውን አዩ። «የለም» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ቀን።»

በቁርባን እንዲጋቡ ተስማሙ፤ ቦታው ደሃና፣ እሱ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ይሁን አለ። ምንዋጋውን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ቢያስመልሰውስ? የነፍስ አባቱ ቄስ ካሤ ስልክ ተደውሎላቸው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ሆድህ ጸጥ የሚለው መቼ ነው?»

«ማለዳ፣ አባ። ማለዳ ይሻለኛል።»

«እሑድ ማለዳ ነው የምንቀድሰው። ለታመመ ሰው ደግሞ ቅንጣት ትበቃለች። ፍርሃቱን ለእኔ ተውልኝ።»

መኪና መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ የአገሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ጥሩሐረግ ቃሬዛውን ስታይ ደነገጠች፤ ምንዋጋው ግን ሳቀ።

«ለቀብሬ የሚሸከሙኝ ለሠርጌ ይሸከሙኝ። ቢያንስ ዛሬ ፊታቸውን አያለሁ።»

ተሸካሚዎቹም ሳቁ። በመንገዱ ሁሉ እየተቀያየሩ ሲወስዱት ነጠላዋን አጣፍታ በጎኑ ሄደች። ማሳው ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነበር።

እሑድ ማለዳ ሁለቱም ነጭ ለብሰው ቆሙ፤ እሱ መቋሚያ ተደግፎ፣ እሷ እሱ ላይ ዓይኗን ተክላ። ቄስ ካሤ ቅንጣቷን በአፉ አኖሩለት፤ ከደሙ በዕርፈ መስቀል ጠብታ አቀመሱት። አፉን በነጠላው ሸፈነ። ጥሩሐረግ ጉሮሮውን አየች። ወጣ፣ ወረደ። ጸበሉን ጠጣ። ቅዳሴው ተፈጸመ፤ ሕዝቡ ተሰናበተ። ግቢው ውስጥ ከወይራ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ደረቱን ይዞ ጠበቀ። ሁሉም አብሮት ጠበቀ፤ እማሆይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ፀሐይዋ ከጥላው እስክታልፍ ድረስ አላስመለሰውም።

«ተቀመጠ» አለ በሹክሹክታ። ዓይኑ በእንባ ሞላ።

ያኔ ምግብ መጣ። ጥሩሐረግ ልማዷ ይዟት ልታስተናግድ ብድግ ስትል ልብሷን ያዛት።

«አንቺ ከበላሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

አታስታውስም። ስትቆም፣ ስትቀዳ፣ ስትሮጥ፣ አንድ ነገር አፏ ውስጥ ትወረውር ይሆናል እንጂ ተቀምጣ አልበላችም። እጁን ታጠበ። በቀጫጭን ጣቶቹ ቆርሶ፣ አጥቅሶ፣ ጠቅልሎ ወደ አፏ አቀረበ። ጎረሰች። ደግሞ አጎረሳት። እሱ ራሱ ምንም አልቀመሰም፤ ሆኖም በዚያች ቀን ከተቀመጡት ሁሉ እንደ እሱ የጠገበ ሰው አልታየም።

ምንዋጋው ያረፈው በገና ጾም አጋማሽ፣ በአንድ ጥርት ያለ ማለዳ ነው። ጥሩሐረግ ቶሎ ሰቆጣ አልተመለሰችም፤ ከእማሆይ ጋር ሆና ገብሱን አስወቃች፣ አርባውን አወጣች። ከዚያ ተመልሳ ምግብ ቤቷን ከፈተች፤ በየክብረ በዓሉ ግን ደሃና ትወጣለች። እዚያ ስሟን የሚጠራ የለም። ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ «የምንዋጋው ሚስት» ነው የሚላት።

እሷም «አቤት» ትላለች።