የማላኪ ባንዲራ

«ስለ እሁድ ከሆነ ባትደክም ይሻልሃል፣ ፊንታን» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ። «እኔም ደብሊን ነኝ። ላሞችህ ራሳቸውን በራሳቸው ይለቡ እንግዲህ!»

ሳቀና ዘጋው። የክሎዳ አባት ግን አልሳቀም። ስልኩን በቱታው ኪስ ከተተና፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ የማለቢያውን ማሽን ከአንዷ ላም ጡት ነቅሎ ወደ ሌላዋ አዛወረ። ግራ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። ቀኝ ትከሻውን በፀደይ አንድ ጊደር አጥር ላይ አጣብቃበት እስካሁን አልዳነም።

ክሎዳ ከጎኑ ቆማ የምትቀጥለዋን ላም ጡት ታጥባለች። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሥራዋ ይሄው ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ወገቧ ግን የባልቴት ወገብ ሆኗል።

«እሱም እምቢ አለ?»

«እሱም ይሄዳል።»

«ሁሉም ይሄዳል በቃ! አንድ ሰው እንኳ ኳስ የሚጠላ የለም በዚህ አገር?»

«ቢኖርም አይናገርም» አለ አባቷ።

እውነቱን ነው። በአውራጃው ውስጥ ላም ላለው ሰው ተተኪ የሚሆኑ አላቢዎች አሉ። ሠርግ ወይ ቀብር ሲኖርብህ ትደውላለህ፣ መጥተው ያልቡልሃል። የአውራጃው ቡድን ደብሊን ላይ ለዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ግን እነሱም እንደማንም ደጋፊ ናቸው። ላም ደግሞ የፍጻሜ ቀን ነው ብላ ወተቷን አታቆይም፤ ማታ ካልታለበች ጡቷ ያብጣል፣ ትታመማለች። ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት አለበት። በእነ ክሎዳ ቤት ደግሞ የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ ሳይነገርም ይታወቃል።

ፊንታን ልጅ ሳለ አውራጃው ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ያኔ አባቱ ሄደ፣ እሱ አለበ። ክሎዳ ገና በአንቀልባ ሳለች ደግሞ እንደገና ደረሰ። አላቢ ተገኝቶ ነበር፤ ግን በዚያው ጠዋት አንዲት ላም ምጥ ያዛትና ፊንታን ትኬቱን ለጎረቤት ሰጥቶ ቀረ። ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። «ኳስ በሬዲዮ ነው» ይላል ከዚያ ወዲህ። «ዝናብ አይመታህም፣ ዳኛውንም ፊት ለፊት አታየውም። እኔ ደግሞ ሕዝብ መሃል መቆም አልወድም።» ሰው ሁሉ አመነው። ክሎዳም አምናው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን የመንደሩ ኳስ ክለብ የትኬት ዕጣ ሲያወጣ ለሁለቱም ደረሳቸው፤ ለእሱ በአባልነቱ፣ ለእሷ ደግሞ ለክለቡ የሴት ልጆች ቡድን በተከላካይነት ስለምትጫወት። አባቷ ትኬቱን ከማንሳቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አደረቀ፣ እንደገና ታጠበ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ይዞ መደርደሪያው ላይ ካለው ሰዓት አጠገብ አቆመው። ክሎዳ አንጀቷን በላት።

«እኔ ልቅር» አለችው አሁን። «ስልሳ ላም አይደለም እንዴ? ብቻዬን አልባለሁ።»

«አንድ ልጅ ከስልሳ ላም ጋር ትቼ ደብሊን ልዝናና? እናትሽ ትገድለኛለች።» እናቷ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እሁድ ተረኛ ናት። «ነገ ዓርብ ነው። ትኬቴን ለክለቡ እመልሳለሁ፣ ለሌላ ሰው ዕጣ ያወጡበታል። አንቺ ከእነ ብሮና ጋር በአውቶቡሱ ትሄጃለሽ። በቃ፣ አለቀ።»

ድምፁ ተራ ነበር። ክሎዳን ያናደዳት ያ ተራነቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልትገዛ መንደር ወረደች። ኧረ ምኑ ቅጡ! የስልክ እንጨቱ በአውራጃው ቀለም ነጭና አረንጓዴ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለው የሣር ክምር ነጭና አረንጓዴ፣ የሥጋ ሻጩ ውሻ ሳይቀር ጆሮውን አረንጓዴ ተቀብቷል። ቄሱ ሰው አውቶቡስ እንዳያመልጠው የእሁዱን ቅዳሴ ወደ ቅዳሜ አዛውረዋል። በሕይወታቸው አንድ ጨዋታ አይተው የማያውቁ አሮጊት ሱቁ በር ላይ ክንዷን ይዘው «እናሸንፋለን የኔ ልጅ?» አሏት፤ መልሱ በኪሷ ያለ ይመስል። ብሮና፣ ጓደኛዋ፣ በየደቂቃው መልእክት ትልካለች፦ «ፀጉርሽን አረንጓዴ ቀባሽ? ለምን አትመልሺም? ሞተሻል?»

ክሎዳ አልሞተችም፤ ደክሟት ነው። ላሞቹ ብቻ አይደሉም ያደከሟት። ተስፋ ማድረግም ያደክማል፤ በተለይ ተስፋው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ ሲሆን። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ግን ሁሉም እንቅልፍ አጥቷል።

ወደ ቤት ስትመለስ ድልድዩ አጠገብ ቆመች። ከወንዙ ማዶ ያለው ሌላ አውራጃ ነው። ማዶ ደግሞ ማላኪ አለ።

ማላኪ ዕድሜውን በሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ወንደላጤ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱ ሲያስቸግረው ላሞቹን ሸጠ። እሁድ ደብሊን አይሄድም፤ ምክንያቱም የእሱ አውራጃ በግማሽ ፍጻሜው ወድቋል። ማን ጣለው? የእነ ክሎዳ አውራጃ፣ በአንድ ነጥብ ብልጫ፣ ያውም በመጨረሻው ደቂቃ። ያን ዕለት ፊንታን በደስታ አብዶ፣ ትራክተሩን አስነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ በማላኪ ቤት ፊት ጥሩምባ እየነፋ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ እሁድ ማታ ሥራ የሌለው አንድ አላቢ ቢኖር፣ አባቷ ሊለምነው የማይችለው ያ ሰው ነበር።

ድልድዩን ተሻግራ ስትደርስ ማላኪ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ድንች ይልጣል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ማላኪ?»

«እስካሁን ደህና ነበርኩ» አለ ቀና ሳይል። «ዛሬ ጥሩምባው የታለ? በእግርሽ መጣሽ?»

ክሎዳ ፊቷ ቀላ። «ስለሱ ይቅርታ።»

«አንቺ ነፋሽው? አልነፋሽም። አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አያውቅም።»

«ልትስቂብኝ ከሆነ ወረፋ ያዢ። ማዶ ያለው ሰው ገና ስቆ አልጨረሰም።»

«እሁድ ማታ ላሞቻችንን እንዲያልቡልን ልለምንዎት ነው።»

ቢላዋው ቆመ። «እኔ? በአንድ ነጥብ ያባረራችሁኝ ሰውዬ፣ እናንተ ደብሊን ሄዳችሁ እንድትጨፍሩ ላም ላልብላችሁ?»

«አዎ» አለች ክሎዳ። መንገድ ላይ የተለማመደችው ንግግር ነበር፤ ድካሙ ሁሉንም አስረሳት።

ማላኪ ሳቀ። «ዓይን አውጣ! ቁርጥ አባትሽን። ለመሆኑ እሱ ሕዝብ መሃል መቆም አልወድም ይል የለም እንዴ? ስንት ዓመት ሙሉ ሲለኝ!»

«ይላል። ግን ትኬቱን ለመንካት ሁለቴ እጁን ታጠበ።»

ሽማግሌው አንድ ድንች ልጦ ድስቱ ውስጥ ጣለ። ሌላ አነሳ፤ አልላጠውም።

«ጉልበቴ መጥፎ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቀስ ብዬ ነው የማልበው። ላሞቹ ቢያጉረመርሙ አላውቅም።»

«እሺ! ምንም አይደለም!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» እያነከሰ ገባና የታጠፈ ጨርቅ ይዞ ወጣ። ቀይና ጥቁር። የእሱ አውራጃ ባንዲራ ነው፤ ጠርዙ በእጅ ተሰፍቶ የተጠገነ። «እሁድ ይሄ በእናንተ በር ላይ ይሰቀላል። ጠዋት ሰው መውጣት ሳይጀምር፣ እናንተ እስክትመለሱ።»

ክሎዳ ደነገጠች። የእነሱ የግቢ በር ዋናው መንገድ ላይ ነው። አውራጃው በሙሉ ወደ ደብሊን ሲሄድ በዚያ ነው የሚያልፈው። «ጋሽ ማላኪ፣ ሰው ይሰድበናል! ደግሞ ገድ የለውም ይላሉ። ብንሸነፍ በእኔ ነው የሚያሳብቡት!»

«ያሳብባሉ።»

«ለብቀላ ነው?»

«መጀመሪያ ለብቀላ ነበር ያሰብኩት» አለ ማላኪ፤ አልዋሸም። «ግን አይደለም። እዪው መንገዴን፤ ከፖስተኛው በቀር የሚያልፍበት የለም። በየዓመቱ ይሄን ባንዲራ አጥቤ አስቀምጣለሁ። ዘንድሮ ደብሊን ይገባል ብዬ ነበር፤ አንድ ነጥብ ቀረን። እንግዲህ ካልገባ፣ የሚሄደውን ሰው እንኳ ይይ።»

ክሎዳ ባንዲራውን ተቀበለች። የሳሙና ሽታ ነበረው።

ለአባቷ ግማሹን ብቻ ነገረችው።

«ማላኪ?» አለ ፊንታን፤ የያዘው ባልዲ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «ስለ ጥሩምባው ምን አለ?»

«ሰምቻለሁ አለ።»

አባቷ እስከ ጆሮው ቀላ። ሌላ አልጠየቀም። ዓርብ ዕለት ግን ትኬቱን አልመለሰም። ቅዳሜም ክሎዳ አባቷን ስታየው ሰዓቱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሰዓት የሚያይ አስመስሎ።

እሁድ ጠዋት ክሎዳ ከማንም ቀድማ ተነሳች። ባንዲራውን በሩ ላይ በሲባጎ አሰረች፤ ከዚያ ላሞቹን ልታስገባ ሄደች። አልበው፣ አጥበው፣ ለብሰው እስኪጨርሱ መንገዱ በመኪና ተሞላ። ክሎዳ ከማለቢያው ቤት ሆና ጥሩምባውን ትሰማ ነበር። መጀመሪያ የደስታ ነበር፤ እነሱ በር ጋ ሲደርስ ግን ይለወጣል፣ ይረዝማል። ስልኳ ኪሷ ውስጥ መንዘር አላቆመም። አንዴ አየችው። ብሮና ናት፤ የበሩን ፎቶ ሰው ልኮላት፦ «በራችሁ ላይ ያለውን ጉድ አይተሻል?? ማን ነው ያደረገው? ቶሎ አውርጂው!»

«እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። መልስ አልመጣም።

አባቷ መኪናውን እየነዳ በሩ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። በነጩ ሸሚዙ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል። ባንዲራውን አየው። ከዚያ እሷን አያት።

«የማላኪ ነው» አለች ክሎዳ። «ያልብልን ዘንድ የጠየቀው ይሄን ብቻ ነው። እስክንመለስ ይሰቀላል።»

«አንቺም እሺ አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

በዚያች ቅጽበት የክለቡ አውቶቡስ አለፈ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ሰው አንገቱን አወጣ። «ፊንታን! ታመምክ እንዴ?» «ከሃዲዎች!» «ገዳችንን አበላሻችሁት!» ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን አልነበረም። ብሮና በኋለኛው መስኮት በኩል ታየች፤ ፊቷ ነጭና አረንጓዴ ተቀብቷል። እጇን አላወዛወዘችም፤ ፊቷን አዞረች።

ክሎዳ እንባዋ መጣ። ዋጠችው።

አባቷ መሪውን እንደያዘ አውቶቡሱ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚ እስቲ» አለ። «ማላኪ በወንዙ በኩል፣ በሜዳው ነው የሚመጣው። በሩን አያየውም። አሁን እናውርደውና ማታ ስንመለስ መልሰን እንሰቅለዋለን። ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም ነበር። ክሎዳ ከመኪናው ወረደች።

የአውቶቡሱ ንፋስ አንዱን ሲባጎ ፈትቶት፣ ባንዲራው በአንድ ጥግ ብቻ ተንጠልጥሎ መሬት ሊነካ ደርሷል። አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው ይወርድ ነበር። ብሮናም ትስቅ ነበር፤ «ቀልድ ነበር» ብትላት ደብሊን ሳይደርሱ ይታረቁ ነበር። ሽማግሌው እንደሆነ አሁን ቤቱ ነው፤ ከፖስተኛው በቀር ሰው የማያልፍበት መንገዱ ላይ፣ እሁድ ደግሞ ፖስተኛም የለም።

«ምነው፣ ቋጠሮው እምቢ አለሽ?» ሲል አባቷ ከመኪናው ውስጥ ተጣራ።

ክሎዳ የወደቀውን ጥግ አነሳች። ጨርቁን ወጥራ፣ ሲባጎውን በበሩ ብረት ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙራ ቋጠረችው። ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና ቀበቶዋን አሰረች።

«ተፈትቶ ነበር» አለች። «አጠበቅኩት።»

ከኋላቸው ያለ መኪና ጥሩምባውን ያንባርቅባቸው ጀመር። ፊንታን አልቸኮለም። በመስታወቱ ቀይና ጥቁሩን ጨርቅ አየና፣ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ።