በጥቁር ጨርቅ ላይ የተዘረጋው ጥራጊ

ሟቹ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በጎኑ ወድቋል። ጭንቅላቱን የመታው ካውያ አጠገቡ ነው፤ የመለኪያው ሜትር አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ ዓመት የሰው ትከሻ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በገዛ ቤቱ ተገደለ።

መርማሪው ሲደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በጣቢያው «ፊደል ቆጣሪ» ይሉታል፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ስለሚያነብ። እሱ ሥራ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ አለቆቹ ናቸው። ወረቀት አላቸዋ! ወረቀት ያለው ሰው ደግሞ ማየት አያስፈልገውም፤ አንደኛው ሬሳውን ሳያይ በስልክ ፈርዶ ጨርሷል።

«ሚስትየዋ ናት፤ ምስክር አለ። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ አስረክባት።»

«ጌታዬ፣ ገና ምኑንም አላየሁ።»

«ምኑን ልታይ ነው? ዝም ብለህ ጻፍ። መጻፉን ከቻልክበት።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ጎንበስ አለ። የልብስ ሰፊ ቤት ወለል ክርና ቁርጥራጭ አያጣም፤ ይኼኛው ግን ምላስ የላሰው ይመስላል። የሟቹን ትከሻ ቀስ አድርጎ ቀና ሲያደርግ፣ ከሥሩ የጨርቅ ብጥስጣሽ ተጎዝጉዞ አገኘ። ጥራጊውም አልተጣለም። መስኮቱ አጠገብ በጥቁር ሱፍ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ፣ ክሩ ከአቧራው ተለይቶ፣ በጣት ተበጥሯል።

ከምሳ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው የልብስ ቁልፍ ተካይዋ ናት።

«ወለሉን ማን ጠረገው፣ እህቴ?»

«እኔ አይደለሁማ! እኔ የምጠርገው ማታ ስንዘጋ ነው። እትዬ ሥራዋ ጓዳ ነው፣ ወለል አትጠርግም። ቆራጩማ መጥረጊያ ቢያገኝ ሰላም አይለውም።»

«መርፌ ጠፍቶ ይሆን? ወይ ቁልፍ?»

«ለመርፌ ማግኔት አለን። ቁልፍ ደግሞ በጥቁር ጨርቅ ላይ ማን ይፈልጋል? ግማሹ ጥቁር አይደለም እንዴ!» ብላ ደነገጠች። «ውይ አፌ! ጋሼ ተዘርሮ እኔ እቀልዳለሁ» አለችና አለቀሰች።

ምስክር የተባለው ጨርቅ ቆራጩ ነው፤ የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም፣ በእጇ ያደገ። ቀኝ ዓይኑ ፍም መስሎ እንባ ያፈሳል።

«ለምሳ ስወጣ ነው። ከመንገድ ማዶ ዞር ብዬ በመስኮቱ ሳይ፣ እህቴ ካውያውን ይዛ በላዩ ላይ ቆማለች። የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ ቤቴ ሄድኩ። እስክትጠሩኝ ድረስ አልተመለስኩም።»

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው። ደግሞስ ሰው ሞቶብኝ አላለቅስ?»

የውሃ ብርጭቆ ሊያነሣ እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ከብርጭቆው ወዲህ አየር ጨበጡ። ሁለተኛ ሞክሮ አገኘው። መርማሪው እንዳላየ ሆነ።

ሚስትየዋ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ጠዋት ከባለቤትሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«ኧረ ምን ጠብ አለው? ወንድሜ መቀስ ከመያዝ ይረፍ ብዬ ለመንኩት።»

«ለምን ይረፍ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ደክሞታል።»

«ወንድምሽ ካውያ ይዛ አየኋት ይላል።»

«አየሁ ካለ ምን እላለሁ?»

መርማሪው መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ካለው የዓይን ሕክምና ክፍል ገባ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሐኪሟን ይዞ ተመለሰ፤ ሦስቱንም ጓዳ ሰበሰባቸው።

«እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው» አለ። «ከሟቹ ሥር ቁርጥራጭ አለ፣ ዙሪያው ግን ንጹሕ ነው። የተጠረገው ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው። የጠረገው ሰው ሬሳውን እየዞረ ጠረገ እንጂ ኡኡ አላለም።»

ቁልፍ ተካይዋ አፏን ያዘች።

«ለማጽዳት የጠረገ ይጥላል፤ ለመፈለግ የጠረገ ያስቀምጣል። በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ በመስኮት ብርሃን የሚፈለግ ምንድን ነው? ነጭ ጨርቅ ላይ የማይታይ፣ ውሃ የመሰለ፣ ከጥፍር የሳሳ ነገር። ዓይን ላይ የምትለጠፍ ሌንስ።»

«እዚህ ቤት መነጽር የሚያደርግ እንኳ የለም» አለ ቆራጩ።

«ሌንስ የሚደረገውማ ለዚያ ነው። ሟቹ ሲታገል የገዳዩን ፊት መታው። ሌንሷ ጠፋች። ሰውየው መስታወት ቢያይ የለችም፤ ወድቃለች ብሎ ወለሉን አበጠረ። እሷ ግን እዚያው ዓይኑ ውስጥ ናት። ክፋቱ፣ እንዲህ የጠፋች ሌንስ ከዓይን ጀርባ ትገባለች፤ ከዚያ አንጎል ድረስ ትሄዳለች አሉ። እስኪነጋ ሰውየው መታወሩ ነው።»

ሐኪሟ ልትናገር አፏን ስትከፍት መርማሪው እጇን ጫን አደረገው። የቆራጩ መዳፍ ቀኝ ዓይኑ ላይ ነበር። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ዶክተር… ገብታ ከሆነ፣ ትወጣለች?»

ሁሉም ወደ ቆራጩ ዞሩ።

«መርማሪው ዋሽቶሃል» አለች ሐኪሟ። «ወደ ጀርባ መግቢያ የለም፤ የዓይን ቆብን ከዓይኑ ጋር የሚያያይዝ ስስ ሽፋን ይዘጋዋል። ግፋ ቢል ከላይኛው ቆብ ሥር ትታጠፋለች። በደረቁ መጎተት ነው ጉዳቱ። ቁጭ በልና ወደ ታች እይ።»

ጠብታ ጨመረች፣ ቆየች፣ ቆቡን ከላይ ወደ ታች አሸት አሸት አደረገችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የታጠፈች ሌንስ ወደ ዓይኑ ጥግ ተንሸራትታ ወጣች።

«ብርጭቆውን ስትስት ነው የጠረጠርኩህ፤ በአንድ ዓይንህ ነበርክ» አለ መርማሪው። «አልተመለስኩም ብለሃል። ታዲያ ያንተን ሌንስ እዚህ ማን ፈለገልህ?»

ቆራጩ ወደ እህቱ ዞረ።

«ነገርሽው! ምስጢሬን ለባልሽ አወጣሽ! ዓይኑ የደከመ ቆራጭ ምን ይሆናል? ሃያ ዓመት የያዝኩትን መቀስ አስቀምጥ አለኝ!»

«መቀሱን አስቀምጥና ሠራተኛውን ምራ ሊልህ ነበር» አለች እህቱ። «ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ታውቀዋለህ። አላስጨረስከውም።»

«ባጎረሰች እጇን!» አለች ቁልፍ ተካይዋ።

መኪናው በሰዓቱ መጣ። ከመኪናው የወረደው ወጣት መኮንን ወረቀቱን እያየ፣ «ሚስትየዋ የታለች?» አለ።

«ስሙ ተቀይሯል» አለ ፊደል ቆጣሪ። «ልጻፍልህ?»

ቆራጩ ተይዞ ሲወጣ እህቱ ደጃፉ ላይ ቆማ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አየች። መርማሪው አጠገቧ ቆመ።

«ይዋሻል ብትዪኝ ምን ነበረበት? ለጥቂት አይደል ከመታሠር የተረፍሽው?»

«ዓይኑን እንዳላጋልጥበት ብዬ ነዋ» አለች። «ሲጠቁመኝ እኮ፣ ወንድሜ ከሩቅ አያይም፣ ሰው ተምታቶበት ነው ብዬ ነበር።»