የኤርጫፎ ልጅ ዱንጉዛ ለበሰች

«እህቴ... ወባ ነው አይደል?»

ከዕዝራ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ሌላዋ ሴት የልቧን ሰው «ዓይንሽ ያምራል» ሲላት ታገኘዋለች። እኔን ግን ወባ ይዞሻል አለኝ!

ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ የካቲት፣ ከተማው አርባ ምንጭ። በየካቲት አርባ ምንጭ የነበረ ሰው ሙቀቱን እንድነግረው አይፈልግም። እኔ ደግሞ በዚያ ሙቀት ላይኛው ሰፈር ሼቻ ካለው መሥሪያ ቤቴ በር ላይ፣ ትከሻው ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት ወፍራም የሱፍ ኮት ለብሼ ቆሜአለሁ። ላቤ ግንባሬ ላይ ችፍ ብሏል። ኮቱን ከልባሽ ተራ የመረጠችልኝ አብራኝ የምትሠራው ሃና ናት። «የአዲስ አበባ ጸሐፊዎች እንዲህ ነው የሚለብሱት» ስትለኝ አመንኳት።

የማላውቀው ረጅም ልጅ ግን ተጨንቆ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ነይ፣ ክሊኒኩ ቅርብ ነው። እኔም ባለፈው ሳምንት ይዞኝ ስለነበር አውቀዋለሁ።»

«ማን ታመምኩ አለህ?»

«በፀሐይ ኮት የለበሰ ሰው ካየህ ወባ ይዞታል ብለውኛል።»

«ደህና ነኝ!»

«ታዲያ ኮቱ?»

«ለማማር ነው!»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ቀስ ብሎ «ይቅርታ...» አለ። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ባዘዘው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ልክነሽ፣ በሰፈሩ ኩራቷ የሚታወቀው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ማን እንደሆነ አወቅሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣ አዲስ የመስኖ ቀያሽ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር የሚቆፈሩትን ቦዮች ይለካል። ጠረጴዛዬ ላይ የላንቴን መንደር ሙዝ አስቀመጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት፣ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ።

«ካሣ ነው። የኛ አገር ብርድ ነው፤ ኮት ያለምክንያት አይወለቅም። እዚህ ደግሞ ያለምክንያት አይለበስም አሉኝ። ተደናገርኩ።»

ሳላስበው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። እንዲህ ተጀመረ በቃ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስንወጣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ የሚወስደውን ቁልቁለት አብረን እንወርድ ጀመር። ዕዝራ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የተናገሩትን የማይረሳ ልጅ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ እንዲሁ በጨዋታ መሃል ጠየቀኝ።

«ልክነሽ፣ አንቺ ራስሽ የምትወጂው ልብስ የቱ ነው?»

«አስቤ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ሳጥኔን አልጋዬ ላይ ገለበጥኩት። ኮቱ ሃና የመረጠችው ነው። ሰማያዊው ቀሚስ ካላንደር ላይ ካየኋት ሴት የተቀዳ ነው። ተረከዙ የሚያሰቃየኝን ጫማ የገዛሁት የአለቃችን ሚስት አድርጋው ስላየሁ ነው። ቢጫው ሸሚዝ እንዲያውም ለምን እንደተገዛ አላውቅም። አንድ በአንድ እያነሳሁ «አንተን ማን ወደደህ?» እላለሁ፤ «ልክነሽ» የሚል አንድም ጠፋ። ያ ሁሉ ልብስ ተከምሮ እኔ የለሁበትም። በጣም ከፋኝ።

በመስኮቱ የአባቴ መወርወሪያ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። አባቴ ኤርጫፎ ከዶርዜ የወረደ ሸማኔ ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ ከሙዙ ሥር ተቀምጦ ይሸምናል። ያን ቀን የሽመና ዕቃው ላይ ያለው ዱንጉዛ ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር... ፀሐይ ስታርፍበት እሳት ነው! ስንት ዓመት በአጠገቡ እንዳለፍኩ እንጃ። ያን ቀን ግን ቆሜ አየሁት፤ ልቤም ዘለለ።

«አባዬ፣ ከዚህ ለእኔም ሥራልኝ። ጉርድ ቀሚስ ላሰፋው።»

እጁ ቆመ።

«ዱንጉዛ የወንድ ነው ልክነሽ። ሱሪ ነው የሚሆነው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚለብሱት።»

«ጥጡን የፈተለችው ማን ናት?»

«እናትሽ።»

«ሴት የፈተለችውን ሴት ብትለብሰው ምን ነውር አለው?»

እናቴ ሻሺቱ እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ሳትል «እውነቷን ነው» አለች። አባቴ ወደ እሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ሰው ይስቃል» አለ በመጨረሻ። «በአንቺ ሲስቅ በእጄ ሥራ ነው የሚስቀው። ሳቁ ብለሽ የምታወልቂው ከሆነ ግን ከአሁኑ ተዪው። እኔን አታዋርጂኝ።»

«አላወልቅም።»

«በይ እሺ።»

ከወትሮው ሳሳ አድርጎ፣ ለአገሩ ሙቀት እንዲመች አድርጎ ሸመነልኝ። የሲቀላዋ ልብስ ሰፊ ፈይሩዝ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትዘረጋው «በአላህ! ይሄን ደፍሬ እንዴት ልቁረጠው?» አለች። ወገቡ ላይ ጠበብ፣ ከጉልበት በታች ለቀቅ አድርጋ ሰፋችው። ከላይ ስስ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ፣ እግሬ ላይ ጠፍጣፋ ጫማ። መስታወቷ ፊት ስቆም የማውቃት ሴት አየችኝ። ረጅም ናት፣ ጠይም ናት፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» ልላት ምንም አልቀረኝም!

ሰኞ ለብሼው ወጣሁ። ሳቁ ከሲቀላ ጀምሮ ተቀበለኝ።

«የአባቷን ሱሪ ለበሰች!»

«ልክነሽ፣ አባትሽ ዛሬ በምን ወጡ?»

ሃና ደግሞ ቢሮ ስገባ አፏን በእጇ ያዘች። «አብደሻል? ኮቱስ?»

«ለቅዝቃዜ አገር ሰው ስጪው» አልኳት።

የፈለገ ይሳቅ። እኔ የምጠብቀው የአንድ ሰው ዓይን ነበር። ዕዝራ በሩ ላይ ብቅ አለ፣ አየኝ፣ ባለበት ቆመ። ምንም አላለም። አንዲት ቃል እንኳ! ዞር ብሎ ሄደ። የከተማው ሳቅ ያላቆሰለኝን ያህል የእሱ ዝምታ አቆሰለኝ።

ሃና ጠጋ ብላ «የሸማኔ ልጅ መሆንሽን ነግረሽው ነበር?» አለችኝ። «በአንዳንድ አገር እኮ ሸማኔ ይናቃል። አሁን ገና ገባው ማለት ነው።»

አልነገርኩትም ነበር፤ ስላልጠየቀኝ። የሃና ቃል ግን እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

ዓርብ ዕለት ኩልፎ ድልድይ ላይ አገኘኝ። የመጣው እየተቸገረ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ልክነሽ... አንድ ነገር ልልሽ ነበር። ያንን ቀሚስ... ለጊዜው ብትተዪው?»

«ለምን?»

«ሰው ያወራል። አባትሽ...»

«አባቴ ምን?» ደሜ ፈላ። «አባቴ ሸማኔ ነው! አዎ! በልቼ ያደግኩት ከዚያ ነው። ካፈርክብኝ መንገዱ ያውልህ!»

«ልክነሽ፣ ስሚኝ...»

አልሰማሁትም። ድልድዩን ተሻግሬ እንባዬን እየዋጥኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቀሚሱን ግን አላወለቅኩም። በነጋታውም ለበስኩት። በየመንገዱ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ተራመድኩ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ትራሴ ላይ አለቀስኩ። እወደው ነበራ! ምን ላድርግ?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴና እኔ ጓዳ ሳለን የግቢው በር ተንኳኳ። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቅኩ። ነጭ ጋቢ የለበሱት የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ዕዝራ የሚኖረው እሳቸው ቤት ተከራይቶ ነው። እና... ከኋላቸው ራሱ ዕዝራ! ጸጉሩን አበጥሮ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ ተነስቶ ወንበር አቀረበ። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም ኤርጫፎ» አሉ ሽማግሌው። «የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው። «መጡ!» አለች በሹክሹክታ። «ልጄ፣ ሽማግሌ መጣልሽ!»

ይሄ ሰው በእኔ አፍሮ አልነበረም?

«የልጅህን ነገር ይዘን ነው» ቀጠሉ አባባ ወልደ ሚካኤል። «ይህ ልጅ እንቅልፍ አጥቷል። በልጅህ የተነሳ እህል አልበላ ብሎኛል። ስለዚህ ልብህን አራራ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ አንድ ናት። ልጁ ሥራ እንዳለው፣ ጨዋ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ልጄ እሺ ካለች እኔ አልከለክልም። እሺ ብያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ!» ዕዝራ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሊስም ደረሰ። «ሁለተኛ አትለብሰውም። እኔ እመክራታለሁ። የቆረጠችውንም ጨርቅ እኔ እተካለሁ።»

«ምኑን ነው የማትለብሰው?» አለ አባቴ።

«ዱንጉዛውን... ለትልቅ ሰው የተሸመነውን ሳይፈቀድላት ወስዳ ቆረጠችው፣ አባቷን አዋረደችው ሲሉ ሰማሁ። እርስዎ ተቆጥተው ከቤት እንዳያስወጧት ፈርቼ... ይቅርታ ልለምንላት ነው ሽማግሌ ይዤ የመጣሁት።»

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደዚያ ቀን ረዝሞ አይቼው አላውቅም።

«የሸመንኩላት እኔ ነኝ! ለልጄ! በእጄ! ወሰደች የሚል ካለ እዚህ ይምጣና ለእኔ ይንገረኝ!»

አባባ ወልደ ሚካኤል ሳይጋበዙ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «ቆይ ቆይ፣ ኤርጫፎ... ታዲያ አንተ እሺ ያልከው ምኑን ነው?»

«ልጄን የጠየቃችሁ መስሎኝ ነዋ!»

እናቴ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፣ ዱንጉዛዬን እንደለበስኩ። ዕዝራ ሲያየኝ ፊቱ ቀላ።

«ድልድዩ ላይ ልትለኝ የነበረው ይሄን ነው?» አልኩት።

«አላስጨረስሽኝም እኮ።»

«ቢሮ ባየኸኝ ቀንስ? ዞር ብለህ ሄድክ። ያፈርክብኝ መሰለኝ።»

«እኔ?» ቀና ብሎ አየኝ። «ልክነሽ... ቃል ጠፋብኝ። እንደዚያ አምረሽ፣ እንደዚያ ራስሽን ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም። አፌን ብከፍት ጋሽ ባዘዘው ፊት የማይሆን ነገር እናገራለሁ ብዬ ሸሸሁ።»

«የሸማኔ ልጅ መሆኔንስ?»

«የመጣሁ ሰሞን ነው የሰማሁት። ታዲያ ምን አለበት?»

ልቤ ቅቤ ሆነ። ዕዝራ ይህን ያየ መሰለኝ፤ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ፈራ ተባ እያለ «አባባ... አንዴ ከመጣን አይቀር፣ ጉዳዩን ብንቀይረውስ?» አላቸው።

«አይቀየርም!» አልኩ እኔ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ለይቅርታ በመጣ ሽማግሌ አልታጭም። ምንም አላጠፋሁም። ለእኔ ስትመጣ ለእኔ ብለህ ና!»

አባቴ ፊቱን አዞረ፤ ሳቁን ሲደብቅ አየሁት። ዕዝራ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እመጣለሁ» አለ። «ከአባባ ጋር ብቻም አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን አጎቴን አስመጣለሁ።»

መጣም። ከአጎቱ ጋር፣ ከአባባ ወልደ ሚካኤል ጋር፣ በወጉ። አባቴ እንደ ወጉ ጥቂት አንገላታቸው፤ ወንበር እያለ አቆማቸው። እኔ ከጓዳ ሆኜ «ይበቃቸዋል አባዬ» እል ነበር በሆዴ።

ሠርጋችን ከመስቀል በኋላ ሆነ። ሃና ቬሎ ልትከራይልኝ ፈለገች፤ አመስግኜ እምቢ አልኩ። የለበስኩት እናቴ የፈተለችውን፣ አባቴ የሸመነውን ነጭ ቀሚስ ነው፤ ከደረቱ እስከ እግሩ የዱንጉዛ ጥለት ወርዶበታል። ከቤት ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ሃናማ ሠርጉ ሳያልቅ አባቴን ጥግ ይዛ «ለእኔም እንደዚህ...» ስትለው ሰምቻታለሁ።

የዕዝራ ዘመዶች ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጥተው በር ላይ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ የአባቱ እህት እትዬ ዘርፈሽ፣ ቀረብ ብለው የቀሚሴን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ለመሆኑ ይህቺ ሙሽራ የማን ልጅ ናት?» አሉ ጮክ ብለው።

ሚዜው ዮናስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አባቴ ግን ሰዉን በትከሻው እየገፋ መጥቶ መሃል ላይ ቆመ። ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«የእኔ ናት!» አለ። «የሸማኔው የኤርጫፎ! ልጅቷም የእኔ ናት፣ ልብሱም የእነዚህ እጆች ሥራ ነው!»

እልልታው የቀለጠው ያኔ ነው። መጀመሪያ ያሰሙትም እትዬ ዘርፈሽ ናቸው።