የአቶ ጂራታ ክትባት

አቶ ጂራታ የሞቱት በትራስ ተደግፈው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ነበር። ትንፋሽ ፍለጋ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ኢንስፔክተር ፊርዶስ ፊታቸውን መልሳ ሸፈነች። የአረጋውያን መጦሪያው ከአቃቂ የድሮ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ ግቢ ነው፤ ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፉርጎ ሲጠግኑ የኖሩትም እዚያው አጠገብ ነበር። ፖሊስ የጠራችው ልጃቸው ሌንሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሐኪሙ ኢንፍሉዌንዛ ሳንባው ላይ ወርዶ ነው አለ» አለች ሌንሳ። «አባዬ ሽማግሌ ነው፣ አስም አለበት፤ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ነበር። ተከትቧል ተባልኩ። ታዲያ እንዴት ይሞታል?»

«የተከተበም ሰው አንዳንዴ ይታመማል» አለች ፊርዶስ ድምጿን አለስልሳ።

«አንዳንዴ! እስቲ ያዳምጡ።»

ከየክፍሉ ሳል ይሰማል። ሳሉ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይቋረጥም።

ፊርዶስ በሥራ አስኪያጁ በዘካሪያስ ጀመረች። አፍንጫውን በሶፍት ይዟል።

«በሽታውን ያስገባሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ ገና ሳይጠየቅ። «እያተኮሰኝ ገባሁ። ማስክም አላደረግሁም። አቶ ጂራታ ቤትህ ተኛ ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። እነሱ ተከትበዋል ብዬ ተማምኜ ነው።»

«ክትባቱን ማን ተረከበ?»

«ሲስተር እየሩሳሌም። በጎ አድራጊዎች ለአረጋውያኑ ብለው የሰጡት ነው። የፍሪጁም ቁልፍ እሷው ጋ ነው።»

«እርስዎስ አልተከተቡም?»

«ለእነሱ ልክ ነው የመጣው፣ ላንተ አይተርፍም አለችኝ።»

ፊርዶስ እየሩሳሌምን በደንብ ታውቃታለች። ገላን ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ የሚጋሩ ጎረቤቶች፣ ከዚያም አልፎ የልብ ጓደኛሞች ናቸው። ነርሷን ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አገኘቻት።

«ፊሩ፣ በገዛ እጄ ነው የወጋኋቸው» አለቻት። «አንድም ሰው አልቀረም።»

«መርፌዎቹን ልያቸው?»

«ተቃጥለዋል። ደንብ ነው።»

እውነቷን ነው፣ ደንብ ነው። ጠረጴዛዋ ሥር ግን አንድ ባዶ የክትባት ካርቶን ቀርቷል፤ ላዩ ላይ ያለው ሥዕል ክትባቱ መርፌው ውስጥ ተሞልቶ እንደሚመጣ ያሳያል። ፊርዶስ ሥዕሉን ልብ ብላ አየችው።

ከዚያ ዓይነ ስውሯ ወይዘሮ በላይነሽ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የተከተቡ ዕለት ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝ! ወረፋዬን ስጠብቅ፣ ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ብርጭቆ ነገር ቀጭ ይላል። “ምን እየሰበርሽ ነው ልጄ?” ብላት፣ “የመድኃኒቱን አንገት ነው” አለችኝ።»

«በኋላ ክንድዎን አመመዎት?»

«ኧረ ምንም። ማንንም አላመመው። ጂራታማ እጅሽ አይሰማም ብሎ መርቋት ነበር።»

ፊርዶስ ወደ ደጅ ወጥታ ብቻዋን ቆመች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ መስኮቶቹን አስከፍታ አራርቃ አስቀመጠቻቸው።

«አቶ ዘካሪያስ፣ እያመመዎት መምጣትዎ ጥፋት ነው» አለች። «ግን አልደበቁትም። ጥያቄው፣ በሽታው ሲገባ አረጋውያኑን ሁሉ ለምን ያለ መከላከያ አገኛቸው የሚለው ነው። ክትባቱ የመጣው መርፌው ውስጥ ተሞልቶ ነው፤ የሚሰበር ነገር የለውም። እማማ ግን ብርጭቆ ሲሰበር ሰምተዋል። መድኃኒት ክፍሉን አየሁት። አንገቱ ተሰብሮ የሚከፈት ብልቃጥ እዚህ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ የዱቄት መድኃኒት መበጥበጫ ውሃ። እነዚህ ሰዎች የተወጉት ውሃ ነው።»

ሌንሳ ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

«የማያዩ ሴት በሰሙት ብቻ ትፈርጂብኛለሽ?» አለች እየሩሳሌም።

«በእሱ ብቻ አይደለም።» ፊርዶስ ወደ እየሩሳሌም ዞረች። «በዚያው ሰሞን ቤትሽ ጠርተሽ እኔንም ወጋሽኝ። ከሥራ ቦታ የተረፈ ነው አልሽኝ። የኔ መርፌ ተሞልቶ የመጣ ነበር፤ ምንም አልሰበርሽም። ክንዴንም በደንብ አመመኝ። ለአቶ ዘካሪያስ አይተርፍም ያልሽው ክትባት፣ ለእኔ ለጤነኛዋ ከየት ተረፈ?»



«አንቺን ስለምወድሽ ነው» አለች እየሩሳሌም።

«ሌላውንስ?»

«ትልቅ ሆስፒታል ሊያስቀጥሩኝ ቃል የገቡ ሰዎች አሉ። ለእነሱና ለልጆቻቸው ሰጠሁት… ሽማግሌ በጉንፋን ቢሞት ማን ይጠይቃል ብዬ…»

«እግሬን የምታሺኝ ልጅ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

ፊርዶስ ጣቢያ ደውላ ሌላ መርማሪ እንዲላክ ጠየቀች፤ እሷ ከአሁን በኋላ ምስክር ናት። እየሩሳሌም ስታለቅስ ልቧ አልራራም፤ የሚራራው ጓደኛዬ ብላ ላሰበቻት ሴት ነበር፣ ያቺ ሴት ደግሞ የለችም። ወደ ሌንሳ ሄዳ እጇን ዘረጋችላት።

«የተወጋው የትኛው ክንድሽ ነው?» አለቻት ሌንሳ። አንቱታው ቀርቷል።

ፊርዶስ ግራዋን ነካች።

ሌንሳ የአባቷ ክትባት የገባበትን ክንድ አየችው። ከዚያ የተዘረጋላትን እጅ ሳትነካ አባቷ ወደተኙበት ክፍል ሄደች።