ከግድግዳው ማዶ ያሉት ልጆች

ይህን የምጽፍላችሁ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አባቴ ጎኔ አለ። ቤቴ ፊት ለፊታችን ነው። ግን አልገባሁም... መግባት አቃተኝ።

ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔም ጠዋት ላይ ሰው ቢነግረኝ ስቄ ነበር የማልፈው።

የሆነው ዛሬ ነው። እሁድ፣ በዚህ ብርድ፣ በቀን ብርሃን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ።

ኬርስቲን እባላለሁ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከተማችን የከሰልና የብረት ከተማ ነበረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በዚሁ ጦስ ቦምብ እንደ ዝናብ ወርዶባታል። ያልፈነዳው እስከ ዛሬ መሬት ውስጥ ተኝቷል። ቁፋሮ በተጀመረ ቁጥር አንዱ ብቅ ይላል።

ሰዉ ለምዶታል። «ደግሞ ተገኘ?» ይልና ድመቱን በቅርጫት፣ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይሄዳል። የቀይ መስቀል ሰዎች የአተር ሾርባ ያድሉታል። ባለሙያው ቦምቡን ያመክናል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የእኔ ሥራ በር ማንኳኳት ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን አረጋግጬ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ባለሙያው ሥራውን አይጀምርም።

የዛሬው ቦምብ የተገኘው ድሮ ብረት ማቅለጫው የነበረበት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ሰፈር።

አባቴ ኤገን ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት ቆሞ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ግትርነቱን ተዉት፣ አይወራም። ጠዋት ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ዛሬ ትወጣለህ። እንዳታሰቃየኝ።»

«ከቦምቡ ጋር ሰማንያ ዓመት ጎን ለጎን ተኝተናል። አንድ ቀን አኩርፎኝ አያውቅም።»

«አባዬ...»

«እሺ፣ እሺ። የማዘጋጃ ቤቷ እመቤት ካዘዘች ማን እምቢ ይላል?»

አመንኩት።

አዳራሹ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። የሥራ ባልደረባዬ ዴትሌፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይሄኛው ክፉ ዓይነት ነው። ሳይነኩትም በራሱ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ሽማግሌውን ቶሎ አውጪው።»

ሮጬ ወደ ሰፈሩ ገባሁ። ብቻዬን።

ሰው የሌለበት ሰፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የትራፊክ መብራቱ ለማንም ቀይ ይሆናል... ለማንም አረንጓዴ ይሆናል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የከሰል ጭስ። እዚያ ሰፈር ከሰል የሚያነድ ቤት ከጠፋ ስንት ዘመኑ... ቀና ብዬ ጭስ ማውጫዎቹን አየሁ። አንዱም አይጨስም።

ቀጥሎ ደግሞ አመዳዩ። ሌሊት የወረደው አመዳይ መንገዱን ሁሉ አልብሶታል። ከአባቴ ቤት ጎን ያለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ግን ቀልጧል። ዝም ብሎ አይደለም የቀለጠው። ልክ የቤት ቅርጽ ይዞ ነው፣ ማዕዘኖቹ ሳይቀሩ።

እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ቤት ነበር። በጦርነቱ ፈረሰ። አባቴ ስለዚያ ቤት አንስቶ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ደወሉን ተጫንኩ። ዝም። በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ።

«አባዬ?»

መልሱ የመጣው ከታች፣ ከምድር ቤቱ ነው። በሹክሹክታ።

«ዝም በይ... ይሰማሻል?»

ደረጃውን ወረድኩ። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ቦርሳውን ጎኑ አስቀምጦ ግድግዳው ሥር ተንበርክኳል። ለመውጣት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልዋሸኝም። ጆሮውን ጡቡ ላይ ለጥፏል።

ያን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መሀሉ ላይ ጡቡ የተለየ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጎረቤታሞች ምድር ቤት መሀል እንዲህ ያለ ስስ ቦታ ይተዉ ነበር። አንዱ ቤት ሲደረመስ ያንን ሰብሮ ወደ ቀጣዩ ለመሹለክ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መልሰው ደፈኑት።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከማዶ ነው። ማዶ ግን ቤት የለም። አፈር ብቻ ነው ያለው።

«ቧንቧ ነው» አልኩ።

«ሄዲ ናት» አለ አባቴ።

«ማን?»

«ሄዲና ወንድሞቿ። የጎረቤት ልጆች። እነሱ ቤት ስንጫወት ሳይረን ነፋ... ቤቱ ሲናጋ እናታቸው ይሄን ቦታ ሰበረችው። ትንሹ እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ እኔን አሾለከችኝ። ሄዲ ከኋላ እግሬን እየገፋች ነበር። ከዚያ ጣሪያው ወረደ።»

ጡቡን በመዳፉ ዳበሰ።

«ለቀናት አንኳኩ፣ ኬርስቲን። አባቴ ጥፍሩ እስኪነቀል ቆፈረ። ኋላ ግን... ዝም አሉ።»

ሰማንያ ዓመት ሆዱ ውስጥ የቀበረውን ነው አሁን የሚያወጣው። ግን ቦምቡስ?

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ። ሁለታችንም እንሙት እንዴ?»

«ትቻቸው አልሄድም። አንዴ ትቻቸው ሄጃለሁ።»

ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። አልነቃነቅ አለኝ። ልደገፍ ብዬ እጄን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ... ጡቡ ይሞቃል። ሰው ተቀምጦበት የተነሳ ወንበር ያህል ይሞቃል።

እጄን መንጭቄ አነሳሁ።

ስልኬ ጮኸ። ዴትሌፍ ነው።

«የት ነሽ? ባለሙያው ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም እያለ ነው።»

አባቴ ሰማው። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። «ግን የምንሄድበትን ጻፊላቸው።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያን ጊዜ ከፍርስራሽ የወጣ ሰው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። በሕይወት አለን፣ እገሌ ቤት ነን ብሎ። ኋላ የሚመጣ ዘመድ እንዲያገኘው። እኔ ለሄዲ አልጻፍኩላትም... ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።»

ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነው። የሥራ ዕቃዬ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የሚፈነዳ ቦምብ አለ፣ የማይነሳ አባት አለ። በችኮላ ጻፍኩት። በገዛ እጄ።

«ኤገን በሕይወት አለ። ኬርስቲን ቤት ነው።»

ከሥሩ የቤቴን አድራሻ ጨመርኩ። መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ጠመኔውን ከግድግዳው ሳነሳ ማንኳኳቱ ቆመ።

አባቴ ቦርሳውን አንስቶ ያለ አንዳች ክርክር ተከተለኝ።

ቦምቡ መከነ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ የአተር ሾርባውን ጠጥቶ ድገሙኝ አለ፤ ከጎኑ ከተቀመጡት አሮጊት ጋር እየቀለደ ሳቀ። ለዓመታት እንዲህ ቀሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ተመስገን አልኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

ዛሬ እኔ ጋ ይደር ብዬ ይዤው ስመጣ፣ ቤቴ ፊት ለፊት መኪናውን እንዳቆምኩ ዴትሌፍ ደወለ። የሰፈሩን ቤቶች እየዞረ ሲያይ አባቴም ቤት ገብቶ ነበር።

«ኬርስቲን፣ የምድር ቤቱን ግድግዳ ማን ነው ያፈረሰው?»

«ማንም።»

«ጡቡ እንዳለ ወደዚህ ወድቋል። ከማዶ የተገፋ ነው የሚመስለው።»

«ማዶስ... ምን አለ?»

«አፈር ነዋ። ድፍን አፈር።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ስሚ... ደረጃው ላይ የጥላሸት ዱካ አለ። ባዶ እግር፣ ትንንሽ። ልጆች አስገብታችሁ ነበር እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ያኔ ነው የሕንፃውን በር ያየሁት። ከታች፣ ወገቤ ጋ በማይደርስ ከፍታ፣ በጠመኔ ተጽፏል። ፊደሉ የድሮው ዓይነት ነው፣ አያቶቻችን ትምህርት ቤት የተማሩት።

«ደርሰናል።»

እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቁልፌ እጄ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የሳሎኔ መስኮት ጨለማ ነው። ግን የመስታወቱ ታችኛው ክፍል በእስትንፋስ ይደበዝዛል... ይጠራል... መልሶ ይደበዝዛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም።

«እንግባ እንጂ» አለኝ አባቴ አሁን። «ልጆቹን ብርድ አስመታናቸው።»

«አባዬ፣ አትውረድ። በናትህ አትውረድ።»

ቀበቶውን ፈታ። የመኪናውን በር ከፈተ። ይህን ስጽፍላችሁ መንገዱን እየተሻገረ ነው... ከዘራውን እንኳ አልያዘም።

በሩ ጋ ደርሷል። የእኔን ደወል እየተጫነ ነው።

ባዶ ቤት ነው፤ ማን ይከፍትለታል? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በሩ ጢዝዝዝ... ብሎ ተከፈተለት። ደወል ሲደወል ያ በር የሚከፈተው ቤቴ ውስጥ ያለ ሰው መክፈቻውን ሲጫን ብቻ ነው።

አባቴ በሩን በትከሻው ደግፎ፣ ወደ እኔ ዞሮ እየጠበቀኝ ነው።