የከሰሉ ክምር ሆድ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መብራቷን ከባሕር ማዶ በሚመጣ ከሰል የምታበራ አንዲት ከተማ ነበረች። መርከቡ ቢዘገይም፣ «ተራራ የሚያህል ክምር አለን» እየተባለ ሰዉ በሰላም ይተኛ ነበር።

አንድ ጠዋት በመብራት ማመንጫው ግቢ የክምሩን ሙቀት የሚፈትሸው ሰው ከሰል ተጭኖት ሞቶ ተገኘ።

የሟች ሚስት ወንድም የግቢው የቁፋሮ ማሽን ሾፌር ነው። ትናንት ከሟች ጋር ሰው እያየ ተጣልቷል። እህቱ ከሬሳው ላይ ቀና ብላ፣ «አንተ ነህ የናድክበት?» አለችው።

አንዲት መርማሪ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣች። ዓይኗ ስለማይስት «መርፌዋ» ይሏታል። የሟችን ማጅራት ዳበሰች፤ ጥፍሮቹንም አየች።

«ሥራው ምን ነበር?»

«ከሰል ሲከማች ከውስጥ በራሱ ይግላል፣ እትዬ» አለ ሾፌሩ። «ረጅም ብረት ወግቶ ያወጣና ይዳብሰዋል። ከጋለ ውሃ እናርከፈክፋለን።»

«ጠባችሁስ?»

«ክምሩን በማሽን ቆፍርልኝ አለኝ። ያለ አለቃ ትእዛዝ? ከሥራ ልታስባርረኝ ነው ወይ አልኩት።»

የግቢው አለቃ ላቡን እየጠረገ ጣልቃ ገባ። «ምን ያከራክራል! ጎህ ሲቀድ እኔው እዚችው ጋ ብረቱን ስወጋው እሳት ሆኖ ወጣ። ግሎ ነው የተናደው።»

«እዚችው ጋ?»

«እዚችው!»

መርፌዋ የግቢውን ዘበኛም እህቲቱንም ጠርታ ሁሉንም ከክምሩ ፊት አቆመች። «ወንድሜ፣ አሁን ቆፍር» አለችው ሾፌሩን።

ማሽኑ አንዴ ዛቀ። ከስስ የከሰል ልብስ በታች ቀይ አፈር ተዘረገፈ።

«እናቴ ድረሽ!» አለ ዘበኛው። «ታዲያ ነገ መብራቱን በምን ልናበራ ነው?»

መርፌዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግቢው ሲሚንቶና ከሰል ነው፤ የሟች ጥፍር ግን ቀይ አፈር ይዟል። ብረቱ ቀዝቅዞ ወጣበት፤ ጠረጠረ። ሾፌሩ እምቢ ሲለው በእጁ ቆፈረ። ማጅራቱን የመታው ከሰል ሳይሆን ከኋላው የመጣ ሰው ነው። ከሰል ያለበሰውም እሱው። አለቃ፣ አፈር በራሱ አይግልም። እሳት ሆኖ የወጣልዎ ብረት ከየት መጣ?»

«እኔ... እንደልማዱ መስሎኝ...»

«ሠራተኛው እንዳያይ እረፍት ሰደው ይህን ክምር በሌላ ሰው ያስከመሩትስ እርስዎ አይደሉም? ከሰሉን የት አደረሱት?»

ፖሊሶቹ የአለቃውን ክንድ ያዙ።

እህቱ መጥታ የሾፌሩን እጅ ጨበጠች። «ማረኝ፣ ወንድም ጋሻዬ።» እሱ ግን ዓይኑን ከማመንጫው ጭስ ማውጫ ላይ መንቀል አቃተው። ጭሱ መሳሳት ጀምሯል።

ልጆቼ፣ እሳታችሁ ከሰው አገር የሚመጣ ከሆነ፣ የክምሩን ሆድ ሳያይ አልተኛም ያለውን ያን ሰው አደራ አትርሱት።